ጀማል የሚይዘው እጅ

ቅናት በሽታ ነው ሲሉ እሰማለሁ። በሽታ ቢሆንማ ኖሮ እጮኛዬ ሐያት መድኃኒት ቤት ነው የምትሰራው፤ አንድ ሽሮፕ አታጣልኝም ነበር።

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምላችሁ ኮርቼም አፍሬም አይደለም፤ ቁመቴን እንደነገርኳችሁ ቁጠሩት። ሐያትን ካጨሁ ወዲህ ያልቀናሁበት ፍጡር ደሴ ውስጥ የለም። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሯ ወደ ስራ በሚያደርሳት የባጃጅ ሹፌር ቀናሁ። ሹፌሩ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት መሆናቸውን ሳረጋግጥ ደግሞ በባጃጁ ቀናሁ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ "እዚህ ጋ ይወጋኛል እህቴ" እያለ ጎኑን በሚያሳያት ጎልማሳ ሁሉ እቀናለሁ። እንደዚያ ሰሞን ጤነኛ በመሆኔ ተበሳጭቼ አላውቅም።

ነገሩን የሚያባብሰው ሐያት ዲኗን አጥባቂ መሆኗ ነው። ኒካሕ ሳይታሰር እጅ መጨባበጥ የሚባል ነገር የለም። ስንገናኝ እሷ መዳፏን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ እኔም አደርጋለሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ በመሃላችን ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተን ጎን ለጎን እንሄዳለን። አንዳንዴ እውነትም ሰው ያልፍበታል፤ በእሱም እቀናለሁ። እንግዲህ የዚህች ልጅ እጅ ለእኔ ምን ማለት እንደነበረ ገምቱ። አይቼዋለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም።

ሽማግሌ ተልኮ ተፈቀደልኝ። ቀለበቱም ኒካሑም በአንድ ቀን፣ አርብ ከአስር ሶላት በኋላ፣ እነ ሐያት ቤት እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። የቀረው ቀለበት ብቻ ነበር።

"ምን ዓይነት ይሁንልሽ?" ብዬ በስልክ ጠየቅኋት።

"አንተ ምረጥ። ወርቅም ይሁን ብር፣ ካንተ ከመጣ ለኔ አንድ ነው" አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ቀጠለችና፣ "ብቻ ከጀማል ሱቅ ይሁን፤ የሱ ስራ ንጹህ ነው" አለች።

ቅቤው እዚያው ረጋብኝ።

ጀማልን ፒያሳ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅድመ አያቱ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ናቸው ይባላል፤ ወርቅ ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እሱ ጋ ደርሷል። ዘለግ ያለ፣ ጺሙን በልክ ያስተካከለ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ ከእኔ ቀድሞ የሚደርሰው የግራሶ ሽታ ነው። ይህንንስ በቻልኩት። ግን አንዲት ጎረቤታችን ለእናቴ፣ "ከናንተ በፊት እኮ የጀማል ቤተሰቦች ለዚያች ልጅ ሽማግሌ ሊልኩ አስበው ነበር አሉ" ስትላት ሰምቻለሁ። ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ቀናተኛ ሰው ወሬ ያምናል እንጂ ምንጩን አያጣራም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ቀለበት ያለ ልክ አይሰራም። ልክ ያለ ጣት አይገኝም። ጣት ደግሞ ብቻውን ወርቅ ቤት አይሄድም፤ እጅ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጀማል የሐያትን እጅ ይይዛል ማለት ነው። እኔ በአደባባይ ሽማግሌ ልኬ፣ ፈጣሪንም ሰውንም አስፈቅጄ እስካሁን ያልያዝኩትን እጅ፣ እሱ "እስቲ እህቴ" ብሎ ይይዘዋል። ከዚያም ጣቶቹን እያገላበጠ "ቀጭን ነው፣ ማሻ አላህ" ይላል። የማሻ አላሁ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

በዚያው ሳምንት የባሰ መጣ። ከኮምቦልቻ ተመልሼ ፒያሳ ከሚኒባስ ስወርድ፣ ሐያት ከአክስቷ ከእትዬ ከድጃ ጋር ሆና ከጀማል ሱቅ ስትወጣ አየኋት። እየሳቀች ነበር። ጀማል በሩ ድረስ መጥቶ ሸኛቸው። ማታውኑ ደወልኩና ድምፄን አለስልሼ "የት ዋልሽ?" አልኳት።

"ስራ ነዋ።"

"ከስራ በኋላስ?"

"ከአክስቴ ጋር ትንሽ ዞር ዞር አልን። ምነው?"

"ምንም" አልኩ። ወርቅ እንደማይሆን ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ወርቅ ካልሆነ ታዲያ ምን? ብር አሰብኩ፤ ብሩንም የሚሸጠው ጀማል ነው። ነጭ ወርቅ የሚባል አለ አሉኝ፤ እሱም ያው ወርቅ ነው፣ መልኩን ቀይሮ የመጣ፣ መልኩን የሚቀይር ነገር ደግሞ አላምንም። መዳብ ጣት አረንጓዴ ያደርጋል። ናሱን የማውቀው በቧንቧ ራስ ነው። አሉሚኒየም ድስት ነው፤ ሰርጋችን ላይ ለብቻው ይመጣል። በመጨረሻ የቀረው የራሴ ሙያ ብረት ሆነ፤ እኛ ፋብሪካ ስቴንለስ የምንለው የማይዝገው ብረት። አይዝግም፣ አይጣመምም፣ እሳት አይበግረውም፣ ከሁሉም በላይ ጀማል አይነካውም። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወደር አጣ፤ በዓለም ላይ ከእኔ በፊት ይህን ያሰበ ሰው የለም ብዬ በራሴ ቀናሁ።

ልኩን እንዳልጠይቃት ነገሩ ይነቃብኛል። እኔ ደግሞ የቡሎን ውፍረት በዓይኔ አይቼ የምናገር ሰው ነኝ፤ ጣት ያቅተኛል? ከስራ ስመለስ መድኃኒት ቤቱ ጎራ እያልኩ የራስ ምታት ኪኒን መግዛት ጀመርኩ። እሷ አወሳሰዱን ማሸጊያው ላይ ስትጽፍልኝ እኔ ጣቷን ከእስክሪብቶው ጋር አስተያያለሁ። በነጋታውም እገዛለሁ። በሰልስቱም።

"ኧረ ራስህን ተመርመር" አለችኝ ፊቷ ጭንቅ ብሎ። "ይሄን ሁሉ የምትወስደው አንተ ነህ?"

"እናቴም ያማታል።"

"ለሷማ ትናንት የደም ግፊቷን ለክቼላታለሁ፤ ደህና ናት።"

እናቴ ለካ እዚያ ትመላለሳለች። በእናቴም ቀናሁ።

እናቴም ብትሆን ያን ሰሞን ሁኔታዋ የጤነኛ አልነበረም። አንድ ቀን ከስራ ገብቼ ጋደም ባልኩበት ጣቴን ነገር ሲነካካኝ ዓይኔን ብገልጥ፣ ክር ትጠመጥምብኛለች። "ምንድን ነው እማ?" ስላት፣ "ዝም በል፤ ለዓይን ነው" አለችኝ። ከጀማል ዓይን ልትጠብቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጣቴን አመቻችቼ ተኛሁ።

ልኩን በዓይኔ ከያዝኩ በኋላ አያ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። አያ ሰይድ የፋብሪካችን ቶርኖ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ብረት በእጃቸው እንደ ቂጣ ሊጥ ይታዘዛል።

"አያ ሰይድ፣ ከቁርጥራጩ ስቴንለስ አንዲት ቀለበት ያውጡልኝ።"

"ለየትኛው ማሽን?"

"ለሐያት።"

ቶርኖውን አጠፉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ሐያት የሚባል ማሽን አስገቡ እንዴ?"

"እጮኛዬ ናት! አርብ ቀለበት ነው።"

"ሱብሐነላህ! ልጄ፣ እዚያ ቤት ሴቶቹ ተሰብስበው ቀለበቱን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ነው የሚያዩት። ይህን ሲያዩ 'የቡሎን ዳዶ ሰጣት' ነው የሚሉህ። ልጅቱን አታሳፍራት።"

"አይዝግም እኮ። አይጣመምም።"

"ለፓምፕማ እኔም የምመርጠው እሱን ነው" አሉና ሐሳቡ ከራሴ አልወጣ ሲላቸው ሰሩልኝ። እውነት ለመናገር አማረ። እኔም በሹል ብረት ከውስጥ በኩል "ሐያት" ብዬ ጫርኩበት። የማለስለሱን ስራ አርብ ጠዋት በማሽን እንጨርሰዋለን ተባባልን።

አርብ ማለዳ ደሴ ብርዱ ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ይለቀቃል፤ ጣት ያኮማትራል። ሚኒባስ ስጠብቅ ቀለበቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። መናኸሪያው ደግሞ ሌባ አያጣም፤ በሌባም ቀናሁ። አውጥቼ ትንሿ ጣቴ ላይ ሳደርጋት ላላች። ወደ ቀለበት ጣቴ አዛወርኳትና ትንሽ ገፋ ሳደርጋት ገባች። አምራብኝ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ እስኪጨርስ እጄን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሳያት ነበር።

ደሴን የሚያውቅ ኮምቦልቻን ያውቃል። ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። እኔ ሸሚዜን ስከፍት ጣቴም የራሱን አደረገ፤ አበጠ። ፋብሪካ ደርሼ ቀለበቷን ብስባት ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች። ስጎትታት ይብስ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይብስ እጎትታለሁ።

አያ ሰይድ ሳሙና አመጡ። ዘይት አመጡ። ግራሶ አመጡ። እጄ ተጠብሶ የሚቀርብ መሰለ እንጂ ቀለበቷ ፍንክች አላለችም። "በግራይንደር እንቁረጠው" አልኳቸው። "ብረቱ ሲግል ጣትህ ይጠበሳል" አሉኝ። "ሞርሳ ላይ እንሰረውና በመጋዝ" አልኳቸው። "ሙሽራ ሆይ፣ ኒካሑን በግራ እጅህ ልትፈርም ነው?" አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁና ተናገሩ። "ይህን የሚያወልቅልህ ወርቅ ሰሪ ነው። ቀጭን መጋዝ አላቸው።"

ኮምቦልቻ ገበያ አጠገብ ወዳለ አንድ ወርቅ ሰሪ ሮጥኩ። ሰውየው ጣቴን በመነጽር አየና፣ "ይሄ እኮ ወርቅ አይደለም" አለ እየተናደደ። "የኔ መጋዝ ወርቅ ነው የሚያውቀው። ለብረት የሚሆን ያለው ደሴ ነው፣ ጀማል ጋ።"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ለብረት? ጀማል ብቻ።"

ሚኒባሱ ሽቅብ ሐረጎን ሲወጣ ጣቴ እንደ ልብ ትርታ ይመታ ነበር። የሙሽራዋን ቀለበት ሙሽራው አድርጎት ቢመጣ የሐያት ዘመዶች ምን እንደሚሉ አሰብኩ። ምን ሊሉ እንደሚችሉ እንኳን አላወቅሁም፤ ማንም ከዚህ በፊት ያላደረገው ነገር ስድብ የለውም። ሐያት ግን አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ታየችኝ። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ገባኝ። እኔን ይሳቁብኝ፤ እሷ በእኔ ምክንያት እንድታፍር ግን አልፈልግም ነበር።

ጀማል ለጁምዓ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ሽቶው በሩ ላይ ተቀበለኝ።

"አሰላሙ አለይኩም። ምን ልርዳህ ወንድሜ?"

እጄን አሳየሁት። "የማሽን ዕቃ ነው" አልኩ።

"የማሽን ዕቃ የቀለበት ጣት ላይ?"

"ስራ ላይ እያለሁ... ገባብኝ።"

አላደረቀኝም። "አብሽር፣ አላህ ያግራው" ብሎ ወንበር ሳበልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከዚያ እጄን ያዘው።

ደህና አድርጎ ነው የያዘው። መዳፌን በመዳፉ ላይ አሳረፈና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋልኝ። እጁ እኔ እንዳሰብኩት ለስላሳ አልነበረም፤ የእሳት ጠባሳ የሞላበት ሻካራ እጅ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ነከረኝ። ክር ጠመጠመብኝ፤ አልሆነም። በብረቱና በቆዳዬ መካከል ስስ ቆርቆሮ አስገባና በትንሿ ክብ መጋዝ መቁረጥ ጀመረ። እየቆረጠ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እያንጠባጠበ "አመመህ?" ይለኛል። መጋዝ ተሰበረ፤ ሌላ ቀየረ። እሱም ተሰበረ።

"ወርቅ ቢሆን እስካሁን ጨርሰን ሻይ እየጠጣን ነበር" አለኝ። "ይሄን የመረጠ ሰው ጨካኝ ነው ወላሂ።"

አዛን ተባለ። ሱቁን አልዘጋም፤ እጄንም አልለቀቀም። "ጁምዓ ሳያመልጠን እንጨርሳለን ኢንሻ አላህ" አለኝ። ሰውየውን መውደድ ጀመርኩ፤ ይህም በራሱ አናደደኝ።

በሩ ተከፈተና እትዬ ከድጃ ገቡ። ከኋላቸው ሐያት።

እጄን ልሰበስብ ሞከርኩ፤ ጀማል "እንዳትነቃነቅ!" ብሎ ይበልጥ አጥብቆ ያዘኝ። ሐያት አንዴ እኔን፣ አንዴ ጀማልን፣ አንዴ የተያያዘውን እጃችንን አየች። እኔም አየኋት። በዚያች ሰዓት እንኳን፣ ጣቴ በመጋዝ ስር ሆኖ፣ "ደግሞ ምን ልታደርግ መጣች?" ብዬ ቀናሁ።

ቀለበቷ ጠሽ ብላ ተሰነጠቀች። ጀማል በፒንሳ ፈለቀቃትና ሊያያት የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጣት። ውስጡን አነበበ። ቀና ብሎ ሐያትን አየ፣ እኔን አየ።

"የማሽኑ ስም ሐያት ነው?" አለኝ።

እትዬ ከድጃ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ሐያት ወደ መስታወቱ ቀረብ ብላ ስሟን አነበበች።

"ለኔ ነው የሰራኸው?"

"አዎ።"

"ከብረት?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ውሸት ፈለግሁ፤ የጨረስኩት በራስ ምታት ኪኒን ነው። "ወርቅ ከሆነ ልክሽን የሚወስደው እሱ ነው" አልኩ ጀማልን በአገጬ እየጠቆምኩ። "እጅሽን እንዳይይዘው ብዬ ነው።"

ጀማል ሳቁ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ግን የከፋውም ይመስላል። "ወንድሜ፣ እኔ የሰው ሴት እጅ ይዤ አላውቅም። የአባቴም ስራ እንደዚህ አልነበረም" አለና እንደ ቁልፍ ጥቅል የተሰካኩ የመለኪያ ቀለበቶች ከመሳቢያ አውጥቶ መስታወቱ ላይ አኖረ። እጁንም ወደ ኋላው አደረገ። ሐያት ጥቅሉን ራሷ አነሳች፤ አንዱን ሞከረች፣ ሌላውን ሞከረች፣ ሶስተኛውን ለየችና "ይሄኛው ነው" ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ደሴ ውስጥ ሴት ሁሉ የምታውቀውን ነገር ሳላውቅ ስንት ብረት አስፈጨሁ።

"አንተ ደግሞ" አለች ሐያት፣ "እኛ እዚህ የምንመላለሰው ላንተ ነበር።"

ጀማል ከመሳቢያው ትንሽ ሳጥን አወጣ። በዲናችን ወንድ ወርቅ አያደርግምና የብር ቀለበት ነበር። ውስጡ የእናቴ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቴ "ለዓይን ነው" ስትለኝ ለልክ ኖሯል።

የሐያትን ቀለበት እዚያው መረጥን፣ ወርቅ። ጀማል ለጁምዓ እየሮጠ ሱቁን ዘጋ፤ እኔም አብሬው ሮጥኩ። ጎን ለጎን ሰገድን። ሽቶው ጥሩ ነው፤ ስሙን እጠይቀዋለሁ።

ከአስር ሶላት በኋላ ኒካሑ ታሰረ። ሴቶቹ ወርቁን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ አዩት፤ ማንም ዳዶ አላለም። የእኔ የብር ቀለበት ያበጠው ጣቴ ላይ አልገባ ስላለ ትንሿ ጣቴ ላይ ተደረገ። ከዚያ ከሐያት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡን። ስንት ጊዜ የጓጓሁለትን እጅ በቀስታ ያዝኩት። ሞቃት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ቀን ስለ እጇ ሳስብ፣ ሞቃት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እሷ ግን የምታየው ያበጠውን ጣቴን ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "እኔ እጄን ለማንም ሳልሰጥ ጠበቅሁህ" አለችኝ። "አንተ ከኒካሑ ቀድመህ ለጀማል ሰጠኸው።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የተሰነጠቀችውን ብረት የቤታችን ቁልፍ ላይ አንጠልጥላታለች፤ አንዳንዴ ታያትና ትስቃለች፤ ስለዚህ ቀልድ ነው ብዬ ቆየሁ። ባለፈው ግን በፒያሳ ስናልፍ ጀማል ከሱቁ ወጥቶ፣ "ጣትህ ዳነ ወንድሜ?" እያለ እጁን ዘርግቶ መጣ። እኔም የእኔን ልዘረጋ ስል ሐያት በመሃላችን ገብታ ቆመች።

"ድኗል" አለችው። "ሰላምታው በአፍ ይበቃል።"

ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ማዶ አሻገረችኝ። ያንን ቀን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።